ከእምብርት እስከ ጉልበት

ውድ ተተኪዬ፣

«ውድ» የሚለውን ቃል ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ፤ ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ለሰው እንደማልሰጥ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ አሁን የተጻፈው ይቀመጥ። ውድ ነሽ። ውድ መሆንሽ ግን ደስ አይለኝም፤ ለምን እንደሆነም ሳልሸፋፍን እነግርሻለሁ።

ዋናውን ላስቀድም። ከክፍልሽ ያስወጣሽን፣ ለዓርብ የወላጆች ስብሰባ ያስጠራብሽን የክስ ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስሜን አልጻፍሁበትም። ስም ያልተጻፈበትን ወረቀት ከፍ አድርጌ «ይህ የማን ነው?» እያልሁ ሠላሳ አራት ዓመት ልጆች ያሳፈርሁ ሴት፣ የራሴን ስም ዋጥሁት። ደግሞም ጽሕፈቴን እንዳታውቂው ፊደሎቹን ሆን ብዬ አጣመምኋቸው። «ሕፃናትን ነውር ታስተምራለች፤ በክፍል ውስጥ ሊጠራ የማይገባውን ትጠራለች» ነው ያልሁት። እዚህ ላይ ማንበቡን አቁመሽ ወረቀቱን ብትቀጂው አልፈርድብሽም። ካልቀደድሽው ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ገና የምነግርሽ አለኝ።

የልጅ ልጄን ልወስድ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ መጥቼ ከመስኮትሽ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እንደምቀመጥ አይተሻል። «እግሬን ላሳርፍ ብዬ ነው» ስልሽ አምነሽኝ ይሆናል። እግሬ ደኅና ነው። የምመጣው ክፍሌን ልሰማ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ክፍሌ» ማለቱን አልተውሁም።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ልጆቹ ከሽንት ቤት ሲመለሱ፣ ያ ጆሮው ትልቅ፣ እናንተ «ሬዲዮ» የምትሉት ልጅ ሲጮኽ ሰማሁ።

«ሚስ! ሚስ! ሴቶች ለምንድን ነው ቆመው የማይሸኑት?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ ከወንበሩ ተነሣሁ። በእኔ ጊዜ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ፤ ሬዲዮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እስከ ደወል ይቆም ነበር። አንቺ ግን ጠበቅሽ። ሳቁ ሲበርድ «ጨረሳችሁ? ያልጨረሰ ካለ እጠብቃለሁ» አልሽ። አንዱ ኪ ኪ ኪ አለ፤ እሱንም ጠበቅሽው። ከዚያ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የወንድና የሴት ብልት አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው» አልሽ። ክርን ወይም ቅንድብ እንደምትዪው ነው ያልሽው። ድምፅሽ አልቀነሰም፤ አልጨመረምም።

«ሰውነታችሁ የማን ነው?»

«የራሴ!»

«ሽንት ቤት ስንገባ በሩ ምን ይሆናል?»

«ይዘጋል!»

«የጓደኛችንን ለማየት እንጠይቃለን?»

«አንጠይቅም!»

«ትልቅ ሰው ቢጠይቅና ምስጢር ነው፣ ለማንም እንዳትናገሩ ቢላችሁስ?»

«እንናገራለን!»

«ሲያመንስ?»

«ስሙን ጠርተን እንናገራለን!»

ከሁሉም ድምፅ በላይ የጮኸችው የልጅ ልጄ ነበረች። ቤት ውስጥ ለእኔ እንዲህ መልሳልኝ አታውቅም። ቤት «እ» እና «እሺ» ነው። የዚያን ቀን ጣቴን በር የቀረጠፈኝ ያህል ተሰማኝ። ቀና ብዬ በመስኮቱ ስመለከት ደግሞ ግድግዳው ላይ የእኔ ሥዕል የለም። ያ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና በእጁ የሣለልኝ፣ ሰማያዊ ቁምጣ የለበሰው ልጅ ወርዶ ሌላ ተሰቅሏል። ቤቴ ስገባ ጃኬቴን ሳላወልቅ ክሱን መጻፍ ጀመርሁ።

አየሽ፣ ስለ ነውር አልነበረም። ቀንቼብሽ ነው። ልጅቷ ከብስኩቷ ግማሹን «ለሚስ» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ለእኔ ፍርፋሪውን ታራግፍልኛለች። እርሳስ አያያዝ ላስተምራት ስል «ሚስ እንዲህ አይደለም ያለችው» ትለኛለች። አያያዙን ለአንቺ ያስተማርሁሽ እኔ መሆኔን ብነግራት አላመነችኝም። ትምህርት ቤት ስንጫወት አስተማሪዋ እሷ ናት፣ ስሟም «ሚስ» ነው፤ እኔ ተማሪ ነኝ፣ ያውም ሰነፏ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ በሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት መቅናቴን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን እውነት ነው።

አሁን ወደ ማክሰኞ ልምጣ። እናቷ ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ ፋብሪካ ስለምትሄድ ጠዋት ልጅቷን የማለብሳት እኔ ነኝ። ካልሲዋን ሳጠልቅላት «እማማ፣ ስሸና ብልቴን ያቃጥለኛል» አለችኝ።

«ነውር! ምን ዓይነት አፍ ነው?» አልኋት።

«ነውር አይደለም። ሚስ ሲያማችሁ ለትልቅ ሰው ንገሩ ብላለች። አንቺ ትልቅ ሰው አይደለሽም እንዴ?»

ይዣት ወደ ክሊኒክ ሄድሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀና ሳትል እየጻፈች «የት ነው የሚያምሽ የኔ ቆንጆ?» አለቻት።

«ብልቴን። ስሸና ያቃጥለኛል። ከእሑድ ጀምሮ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወደ እኔ ዞራ «እናቴ፣ ስንት ልጅ እዚህ ቁጭ ብሎ ሆዴን ብሎ ሲያሳስተኝ እንደሚውል ቢያውቁ! ወደ ኩላሊቷ ሳይወጣ ነው የደረሳችሁት። ማነው እንዲህ አድርጎ ያስተማራት? እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«አዎ፤ አስተማሪ ነበርሁ» አልኋት።

አዎ አልሁ። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። መድኃኒቱን ይዘን ስንወጣ ግን መንገዱን ሳንሻገር ጀመረች።

«እማማ።»

«አቤት።»

«ዋሸሽ እኮ።»

«መኪና እዪ።»

«ሚስ ናት ያስተማረችኝ። አንቺማ ጠዋት ነውር ነው አልሽኝ።»

እጇን አጥብቄ ይዤ ተሻገርሁ። ወዲያ ማዶ ስንደርስ ቆምሁና «እውነትሽን ነው፤ ዋሸሁ» አልኋት። እሷ ይህን ሰምታ ስለ ከረሜላ መጠየቅ ጀመረች። እኔን ግን ሃያ ሰባት ዓመት የሸሸሁት ነገር እዚያው አስፋልት ዳር አገኘኝ።

ያኔ የስድስት ዓመት ተማሪዬ ነበርሽ። «ጭምቷ» እልሽ ነበር፤ በእኔ ቤት ምስጋና መሆኑ ነው። ፊተኛው ዴስክ ላይ ነበርሽ። አንድ ቀን መቁነጥነጥ አበዛሽ። «ተስተካክለሽ ተቀመጪ» አልሁሽ። ሽንት ቤት ልሂድ አልሽ፤ «አሁን አይደል እንዴ የመጣሽው?» ብዬ ከለከልሁሽ። እንባሽ ሲመጣ አጠገብሽ መጥቼ «ምን ሆነሻል?» አልሁሽ።

«ያመኛል።»

«የት?»

ግድግዳው ላይ ወዳለው ሥዕል ዞርሽ። ረጅም ጊዜ አየሽው። በየጠዋቱ በዱላ እየጠቆምሁ የማስጠራችሁን ታስታውሺያለሽ፤ ራስ፣ ግንባር፣ ዓይን፣ እያልሁ ሆድና እምብርት ላይ ስደርስ ዱላዬ ቁምጣውን ዘሎ ጉልበት ላይ ያርፋል። ቁምጣውን ባለቤቴ እንዲቀባው ያዘዝሁትም እኔ ነበርሁ። ዓይንሽ ከእምብርቱ ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ እምብርቱ ሲመላለስ አይቻለሁ። ከዚያ በትንሽ ድምፅ «ጉልበቴን» አልሽ።

እኔም ጉልበትሽን በፋሻ አሰርሁት። እብጠት የለውም፣ ጭረት የለውም፤ ግን አሰርሁት። በማግሥቱም አጥብቄ አሰርሁት። በሦስተኛው ቀን ዴስክሽ ላይ ተደፋሽ፤ ግንባርሽ እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር። ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኛሽ። ብርቱካን ይዤ ልጠይቅሽ መጥቼ ከክፍሉ በር ላይ ስደርስ እናትሽ «ልጄ፣ እንዲህ ሲያምሽ ለምን ለእትዬ አልነገርሻቸውም?» ስትልሽ ሰማሁ።

«ስሙ ሥዕሉ ላይ የለም» አልሻት።

አልገባሁም። ብርቱካኑን ኮሪደሩ ላይ ካለ ወንበር ላይ አስቀምጬ ሄድሁ። ለልጆቹ «ጭምቷን ጉንፋን ይዟት ነው» አልኋቸው። ሥዕሉን አላወረድሁትም። ዐሥራ ስምንት ዓመት ደግሞ ከእምብርት ወደ ጉልበት ዘለልሁ። ማቆም የበደሌን ስም መጥራት መስሎ ታየኝና ቀጠልሁ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቁልፉን ሳስረክብሽ ሥዕሉ ፊት ቆመሽ «እትዬ፣ በእምብርትና በጉልበት መካከል ያለውንስ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «የለም» አልሁሽ። ድፍረት መስሎኝ ተቆጣሁ። አንቺ ግን «እሺ» ብለሽ ፈገግ አልሽ። ከዚያ ወዲህ ባገኘሽኝ ቁጥር ዝቅ ብለሽ ሰላም ትይኛለሽ፣ ጃንጥላዬን ትይዢልኛለሽ፤ አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አላነሣሽብኝም። ብታነሺው ይቀለኝ ነበር። ጨዋነትሽም ያስቀናኛል።

ትናንት ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ ክፍሉን ከፈተችልኝ። ወንበሮቹ ተገልብጠው ዴስክ ላይ ተደርድረዋል፤ ልጆችሽ ሌላ ክፍል ውስጥ ታጭቀው ነው የሚማሩት።

«ምን ጠፋብዎት እትዬ?» አለችኝ።

«ሥዕሌን ነው የምፈልገው። የት ጣለችው?»

«ውይ፣ ኧረ አልጣለችውም! ቁም ሣጥኑ ላይ ነው ያለው። አቧራ ስጠርግ እንኳ እንዳልነካው ብላኝ ስንት ጊዜ ተቆጥታኛለች።»

አወረደችልኝ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽዋል፤ ላዩ ላይ ወረቀት ሰክተሻል፤ «የእትዬ ሥዕል። በባለቤታቸው እጅ የተሣለ። እንዳይጣል።» የተገለበጠ ወንበር አውርጄ ተቀመጥሁና ደጋግሜ አነበብሁት። ስሕተት ፈለግሁበት። አንዲት የጎደለች ነጥብ ባገኝ ምንኛ ደስ ይለኝ ነበር። አላገኘሁም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። ክሱን የጻፍሁት እኔ መሆኔን ነግሬ፣ ማንሣቴንም በጽሑፍ፣ በሙሉ ስሜና በፊርማዬ ሰጠሁት። አንብቦ ራሱን ያዘ።

«እትዬ፣ ነገሩ እኮ ከእጄ ወጥቷል። ዐሥራ አንድ ወላጆች ትባረር ብለው ፈርመዋል። ወረቀት ማንበቤ አያበርዳቸውም። ዓርብ ራስዎ ቆመው ካልተናገሩ መምህሯን ላተርፋት አልችልም።»

«ምን ብዬ?»

«እሷ ያለችውን ነዋ።»

ይኸውልሽ፣ ያ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለባለቤቴም፣ ለአዋላጄም፣ ለራሴም ብዬው አላውቅም። ስለዚህ ከትናንት ጀምሮ እየተለማመድሁ ነው። መምህሬ የልጅ ልጄ ናት። ሥዕሉን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል፤ ዱላዬን እሷ ይዛለች። እምብርት ላይ ስደርስ ወደ ጉልበት ልዘል እላለሁ።

«እንዳትዘዪ!» ትለኛለች። «እንደገና! አፍሽን ከፍተሽ!»

ይህቺን «አፍሽን ከፍተሽ» ከማን እንደተማረች ታውቂያለሽ። አንቺም የተማርሻት ከእኔ ነው። ትናንት ከዐሥር አራት ሰጠችኝ። ዛሬ ጠዋት ሰባት አደረሰችኝ፤ ድምፄ ስለቀነሰ ሦስት ተቀንሶብኛል። ቁጣዋን ሰምቼ ቀናሁ ብልሽ አትስቂ፤ እኔ እንዲህ ያለ ተማሪ አግኝቼ አላውቅም።

እንግዲህ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ነይ። ከፊተኛው ዴስክ፣ ከድሮው ቦታሽ ተቀመጪ። እነዚያ ዐሥራ አንድ ወላጆች ባሉበት ሥዕሌን እሰቅላለሁ። ዱላዬን ይዤ ከራስ እጀምራለሁ፣ ከእምብርት እስከ ጉልበትም ሳልዘል እወርዳለሁ። ከዚያ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ሥዕሉን አይታ ምን እንዳለች እነግራቸዋለሁ። ስምሽን አልጠራም፤ የእኔን ግን እጠራለሁ። ድምፄ ከቀነሰ አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ፤ ጠብቂኝ። ሬዲዮንና ያንን ኪ ኪ ኪ ባዩን እንደጠበቅሻቸው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፌስታል የተቋጠሩት ግማሽ ብስኩቶች የአንቺ ናቸው። ከክፍል ከወጣሽ ወዲህ የልጅ ልጄ በየቀኑ ስታጠራቅምልሽ ነበር። አምስት ነበሩ፤ የላክሁልሽ አራት ነው። አምስተኛውን በልቼዋለሁ። ቅናቱ ገና አለቀቀኝም፤ ይህንንም እንድታውቂው ብዬ ነው።

ይቅር በዪኝ ለማለት ዓርብ ያብቃኝ።

ሕመምሽ የት እንደነበር ሳታውቅ ጉልበትሽን ያሰረችው፣
እትዬ