ያጠረው አፈሙዝ

ኒውካስል፣ ግንቦት 1917

ውድ ወንድሜ ሴሲል፣

ይህን የምጽፈው ፖስታ ቤት እንደማልወስደው እያወቅሁ ነው። ከሞትክ ስድስት ሳምንት ሆነ። ቤቱ ጭር ብሏል፤ እሁድ እሁድ ብቻዬን ማውራት ጀምሬአለሁ።

በመጋቢት ከጦር ግንባር ለአራት ቀን ፈቃድ መጥተህ ሻይህን ሳትጨርስ ብድግ አልክና መጥረጊያውን ብብትህ ስር አስገባህ። ታንኩ አንተ፣ መድፉ መጥረጊያው። የምሽግ ቦይ እንደሚወርድ ሰው አጎንብሰህ ስትራመድ ጫፉ ወለሉን ወግቶ አስቆመህ። እኔ ሳቅሁ፤ አንተ ግን አልሳቅህም።

"ይኸውልሽ ሄስተር፣ የሰጡን ለመርከብ የተሠራ ረጅም መድፍ ነው። ባሕር ላይ ማን ይነካዋል? እኛን ግን ጭቃው ይይዘናል፣ ዛፍ ይጠልፈናል። አፈሙዙን አሳጥሩት በያቸው እንጂ፤ አንቺ መድፉ የሚሠራበት ፋብሪካ አይደለሽ የምትሠሪው?"

እነግራቸዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁልህ።

የእኛን ቢሮ ግን ታውቀዋለህ። እኛ ሴቶቹ የመሐንዲሶቹን የመድፍ ንድፍ በስስ ጨርቅ ላይ እንገለብጣለን፤ አስተያየት አንሰጥም። የተሳሳተ ቁጥር ብናይ እንኳ እንዳለ ነው የምንገለብጠው። ሦስት ጊዜ አለቃችን ሚስተር ሄድሊ በር ድረስ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀና ብሎ አየኝና "ቀለም አለቀ እንዴ ሚስ ኮልሰን?" አለኝ። አዎ አልኩት። ጠረጴዛዬ ላይ ሙሉ ብልቃጥ ነበረ። ፈሪ ነኝ ሴሲል፣ ምን ላድርግ።

ከዚያ ቴሌግራሙ መጣ። ኋላ ጓደኛህ ኖብል ሁሉንም ጻፈልኝ፦ ታንካችሁ ቦዩን ሲወርድ አፈሙዙ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ወደፊትም ወደኋላም አልል ብሎ እንደቆመ የጠላት መድፍ አገኛችሁ። ካነበብኩት በኋላ ገዳይህ እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ፤ ከሰው ጋር መብላትም ተውኩ።

ባለፈው ሐሙስ አዲስ ንድፍ ደረሰኝ። ያው መድፍ፣ አፈሙዙ አጥሮ። መስመሩን ሁሉ ገልብጬ ጥግ ላይ ወዳለው ቀን ስደርስ እጄ ቆመ። ያለፈው ኅዳር ነው። አንተ ወጥ ቤቴ ከመቆምህ አራት ወር በፊት።

በዚህ ጊዜ በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ።

"አዎ፣ ያኔ ነው የተወሰነው" አለ ሚስተር ሄድሊ። "ማሽኖቹን አዘጋጅቶ መድፉን መሥራቱ ነው ጊዜ የፈጀው። ምነው?"

"እኔ በመጋቢት ብነግርዎትስ ኖሮ?"

"ምንም አይለወጥም ነበር ልጄ" አለኝ፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ።

ኮቴን ሳልለብስ ወጥቼ እስከ ወንዙ ሄድኩና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እፎይ ማለት ነበረብኝ አይደል? ጥፋቱ የእኔ ቢሆን ግን አንተን ማትረፊያ መንገድ ነበረ ማለት ነው። እስከ ሐሙስ ድረስ ያ መንገድ ነበረኝ።

ቃሏን ያልጠበቀችው እኅትህ፣
ሄስተር