ወይዘሮ የሺመቤት ያሉበት ቤት

ይድረስ ለውድ እናቴ ለመምህርት ማራኪ፤

እማዬ፣ እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ከደብረ ማርቆስ ብርድ ጋር ታረቀ ወይስ እንደተኳረፉ ናቸው? ወንድሜ አለምሰገድ፣ ሚስቱ ኑሃሚን፣ ትንሿ ልጃቸው የአብስራስ ደህና ናቸው? እኔ ከአንቺ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ የተወራ ይበናል ስለምትይ ይኸው በእጄ ጻፍኩልሽ። ፊደል ብገድፍ በቀይ እስክሪብቶ አርመሽ እንዳትመልሺልኝ አደራ።

ወደ አርባ ምንጭ ልመለስ፣ ቤት ፈልጊልኝ ካልሽኝ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እሱ ነው። አለምሰገድ ደውሎ፣ አንቺ ሥራ ስትውዪ እማዬ ብትታመም በሯን የሚያንኳኳላት ሰው ሳላይ አለቃትም ብሎኛል። እንዲህ ያለ ሰው ስፈልግ ነበር የከረምኩት።

መልሱ የመጣው ከሥራዬ ነው። ጎረቤት ስለ ሥራዬ ሲጠይቅሽ "ኮምፒውተር ላይ ናት" ብለሽ ታልፊያለሽ አሉ። የሚከራዩ ቤቶችን እያነሳን ሩቅ ላለ ተከራይ እናሳያለን፤ ካሜራችን እንደ ሰው ሁለት ዓይን አለው። ክፍሉ መሃል አቁመን እያዞርን እናነሳለን። ከዚያ እኔ የግራውን ዓይን ፎቶዎች ለብቻ፣ የቀኙን ለብቻ አገጣጥማለሁ። ሁለቱ ከተስማሙ፣ ለዚሁ የተሠራውን መነጽር ያጠለቀ ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ እዚህ ሳሎን የገባ ይመስለዋል። ትንሽ ከተዛነፉ ግን ራሱን ያዞረዋል።

በቅርቡ እዚሁ ከተማ፣ ሴቻ ሰፈር አንድ ቤት አነሳን። ባለቤትየዋ ወይዘሮ የሺመቤት እዚህ ቅርብ ያለችው የላንቴ ገጠር ሴት ናቸው። ዓሣ ነጋዴው ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ስለሆኑ፣ ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቤት ሊያከራዩ ነው። ካሜራው ሲዞር ከክፍሉ ይውጡልን ብለን ለመንናቸው። እሺ ብለው ይወጣሉ፤ ዘወር ስንል ተመልሰው ገብተዋል። እንግዳ ቤቴ ውስጥ ተገትሮ እኔ ደጅ ልቆም? ነውር ነው አሉን።

ቢሮ ገብቼ ሳገጣጥመው ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በአንድ ሳሎን ውስጥ ሦስት ወይዘሮ የሺመቤት! አንዷ ሙዝ በሳህን ይዘው፣ አንዷ ወንበር እየጎተቱ፣ ሦስተኛዋ በሩ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ግቡ ሲሉ። አለቃዬ ሸዋንዳኝ ግን ፈገግም አላለ። ተከራይ ማየት የሚፈልገው ባዶ ቤት ነው፣ አጥፊያቸው አለኝ። በግራም በቀኝም ዓይን አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ቤቱ ጥርት ብሎ ወጣ፤ እኔን ግን ቀፈፈኝ።

በማግስቱ እሳቸው ዘንድ ሄጄ ስለ አንቺ ነገርኳቸው። ኪራዩን ትተው የጠየቁኝ ዓሣ ትበላለች ወይ፣ የሚያማት የትኛው ጉልበቷ ነው ብለው ነው። የበረንዳውን ደረጃ ዝቅ አስደርጋለሁ፣ ራት ለብቻ መብላት ሰልችቶኛል፣ ቶሎ ትምጣ አሉ። እማዬ፣ እውነት እልሻለሁ፣ ዕንባዬ መጣ። ቤቱንም ለአንቺ እንዲያቆዩልኝ ለመንኳቸው።

ለገና ወደ አገሩ በሚመጣው በሥራ ባልደረባዬ በዘርአብሩክ እጅ ስልክ የሚገባበት መነጽር፣ ቤቱን ከጫንኩበት ስልክ ጋር ልኬልሻለሁ። ተቀምጠሽ እዪ፤ ቆመሽ ካየሽ ትንገዳገጃለሽ። በመስኮቱ በኩል የአባያ ሐይቅን ቀይ ውሃ ታገኚዋለሽ።

የአብስራን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ፤ መነጽሩን ግን እንዳትነካ። ኑሃሚንን፣ አንቺን እንደ እናቷ ስለያዘችሽ ውለታሽ አለብኝ ብላለች በያት። አለምሰገድንም ሰላም በይልኝና አይተሽ ስትጨርሺ መነጽሩን ስጪው። ዞር ብሎ በሩን ይይ። ለቢሮው ባዶውን አስረክቤያለሁ፤ ለአንቺ በላክሁት ላይ ግን በሩ ላይ የቆሙትን አላጠፋኋቸውም።

ልጅሽ ማህደር
አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.