ጆሮው የተቆረጠው ነጭ ወጠጤ

ወንድምዓለሜ፣

ከበዓሉ ወዲህ ስልኬን አላነሳ ብለሃልና በወረቀት መጣሁብህ። ደህና ነህ ወይ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? የሜዳን ከተማ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኛ እዚህ ሳሞሲር ደሴት ደህና ነን፤ ሐይቁም ዓሣውን አልነፈገንም። እናታችን ወገቤን ከማለት በቀር ጤነኛ ናት።

«ለአባታችን መታሰቢያ የማቀርበውን ወጠጤ ማን አጎደለው?» ብለህ በሰው ልከህብኛል። እኔ ነኝ። በበዓሉ ዋዜማ ግራ ጆሮውን በመቀስ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም አልጸጸትም።

ለመሥዋዕት የሚቀርበው ነውር የሌለበት ነጭ ብቻ ነው። እኛም በየዓመቱ ምርጡን ወጠጤ ገና እንስት ሳይጠጋ እናርዳለን፤ ለዘር የሚቀረው ዥንጉርጉሩ ነው። አክብረን አክብረን ጨረስናቸው። በመንደሩ የቀረው ነጭ ያ ብቻ ነበር። አንተ ደግሞ «ግዙፍ የፈረንጅ አውራ ልላክልሽ» ትላለህ። ላከው! ገደላችንን ሲያይ «እናቴ ድረሽ» ይላል።

ከምርምር ጣቢያ የመጣችው ሮታሊና ቀንዱን ለክታ ፎቶ ስታነሳው፣ ሥርዓቱን የሚመሩት ኦምፑ ማራንግኩፕ «ለፍየልም መታወቂያ ልታወጪ ነው? ለኛ እንኳ ስንቴ ያመላልሱናል!» ብለው አሾፉባት። እሷ ግን «ይሄ ሳያስወልድ ከታረደ ዘሩ በፎቶ ብቻ ይቀራል» አለችኝ። ይሄን ሰምቼ እንዴት ዝም ልበል?

በበዓሉ ጠዋት ኦምፑ ጆሮውን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። «የጎደለ አይቀርብም» ብለው ነጭ ዶሮ አቀረቡ። ሰማይ አልተደፋም፤ ዝናቡም በጊዜው መጣ። እናታችንማ «የማን እጅ ነው? ይድረቅ!» እያለች ከሁሉም በላይ ጮኸች።

በሰው ፊት ማፈርህ ገብቶኛል፤ ለሱ አዝናለሁ። ግን አባባ እድሜውን ሙሉ ገደል ለገደል ያሳደጋቸው ፍየሎች በሱ ስም ዘራቸው ቢጠፋ ደስ ይለው ነበር?

ትናንት አንዷ ፍየል ለወጠጤው መንታ ወለደችለት። ሁለቱም ነጭ ወተት ናቸው። ለመጪው በዓል ና፣ ብላ፣ ጠጣ፤ ግልገሎቹን ግን እንዳትመኝ። መቀሱ እንደተሳለ ነው።

ለቤትህ ሰላም፣ ለልጆችህ እድሜ ይስጥልኝ። ስልክህንም አንሳ። እናታችን ሰላም ብላሃለች። ያ ወጠጤ ለአንድ ሰው እንደማይያዝ ታውቃለህ፤ ቀንዱን ማን ያዘልሽ ብለህ ግን እንዳትጠይቀኝ። እናታችን ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ የኡሎስ ኩታዋን ጫፍ ታሻለች፤ ከዚያ ዋዜማ የቀረው የደም ጠብታ በሳሙናም በአመድም አልለቅ ብሏታል።

የማትታዘዝህ እህትህ