ሳይነኩ ማረጋጋትን ያስተማሩት የእህታችን የሕይወት ታሪክ

ውድ እህታችን ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከሾፌር አባታቸው፣ በዋናው መንገድ ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው ጥድፊያቸው ለጉድ ነበር፤ እናታችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እያሉ ቢመክሯቸውም ሰሚ አላገኙም። ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1974 ዓ.ም. በመምህርነት ተቀጠሩ። በ1978 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በ1985 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ክፍል ተረከቡ። በዚያው ዓመት አንዲት የሰባት ዓመት ተማሪ ጫጫታው በርትቶባት ስታለቅስ፣ እንደ ልማዳቸው ሮጠው እቅፍ አደረጓት። ልጅቷ ግን ንክኪ ጨርሶ አትችልም ነበርና ተፈትልካ ወጥታ መኪና መንገድ ገባች። ፍሬን ነው ያተረፋት። ርእሰ መምህሩ ልጅቷ እንድትባረር ወሰኑ። እህታችን «ያጠፋሁት እኔ፣ የምትባረረው እሷ?» ብለው ፍንክች አላሉም። በስንት ጭቅጭቅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጊዜ ተሰጣቸው፤ ልጅቷ ዳግመኛ ከሮጠች ግን ነገሩ አበቃ።

እኚያ ችኩል እህታችን ሌላ ሰው ሆኑ። የክፍሉ መብራት ደብዘዝ እንዲል ባለቤታቸውን አስቸገሩ፤ በእናታችን የስፌት መኪና፣ ክብደቱ የተጨነቀ ልጅ እንዲያረጋጋ፣ ጭን ላይ የሚቀመጥ አሸዋ የተሞላ ትራስ ሰፉ። ተማሪዎቹ ሲጨንቃቸው የሚያረጋጋቸውን፣ ግድግዳ በመዳፋቸው መግፋትንና በዝግታ መተንፈስን፣ የሚለማመዱት በደህናው ሰዓት ነበር። «ጭንቅ ከመጣ በኋላ ማን ትምህርት ይገባዋል?» ይሉ ነበር እህታችን።

ሰኔ ላይ የእሳት አደጋ ደወል በስህተት ጮኸ። ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ ወደ በሩ አፈገፈገች። ዘበኛው ሊይዛት ሲንደረደር «አትንካት! ዝም በል!» ብለው አስቆሙትና ራሳቸው ቀስ ብለው ግድግዳውን ይገፉ ጀመር። ልጅቷ በሩን አየች፤ እሳቸውን አየች። በመጨረሻ መጥታ አጠገባቸው ገፋች። ርእሰ መምህሩም ከዚያ ወዲያ የመባረሩን ነገር አላነሱም።

እህታችን በዚያው ክፍል ጡረታ እስኪወጡ አገለገሉ። በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በ63 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ይህን የጻፍኩት ታናሽ ወንድማቸው አለን።

ያቺ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሴት ሆና ከፊት ተቀምጣለች። ለቅሶው ይከብድሻል፣ ቅሪ ብንላት እምቢ አለች። ወዳጅ ዘመድ፣ ተሰናብታቸው እስክትወጣ እባካችሁ ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ። ማንም እንዳያቅፋት። እኔም ለቅሶዬን እሷ እስክትወጣ አቆየዋለሁ።

አምላክ ለነፍሳቸው ጸጥ ያለ ማረፊያ ይስጥልን።