ቦንቱ የምትሰማው

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ለፍቅረየሱስ፣ ጁባ።

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ነህ? ወለተኢየሱስስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁ ጥርስ አወጣች ወይ? የጁባ ሙቀት እንዴት አድርጓችኋል፣ ወባውስ ተዋችሁ? እኔ ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ ከመሰንበቱ በቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። በልጉ ጥሎ ገብሱ አምሯል። የሮቤ ጭቃ ግን እንደምታውቀው ነው፤ ሰውንም የጋሪ ፈረሱንም እኩል ያንገላታል።

በስልክ የላክህልኝን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። ፍየሏን ሽጪና አሰላ አክስታችን ዘንድ ግቢ ብለሃል። ጆሮ የሌላት ሴት ብቻዋን እንዴት ትኖራለች ብለህ እንደምትሰጋልኝ አውቃለሁ። ግን አዜብ አእምሮዋ ተነክቷል፣ ፍየሏም ጋኔን አለባት ብሎ የነገረህ ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። በስልክ ልመልስልህ ጀምሬ አልሆነልኝም። የጭነት መኪና ሹፌሩ መልአኩ ጭነት ይዞ ወደ አንተ ስለሚመጣ፣ ነገሩን ከሥሩ ጽፌ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

ፍየሏን፣ ቦንቱን፣ አታውቃትም፤ የመጣችው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ግልገል ሳለች እማዬ ከዲንሾ ገበያ ገዝታ በነጠላዋ አቅፋ አመጣቻት። በር ሲንኳኳ ወደ እኔ መጥታ ቀሚሴን በጥርሷ ከጎተተች እማዬ ቆንጠር አድርጋ ጨው ትሰጣታለች። እንዲህ እያለች አስለመደቻት። ኋላ ኋላ ጨው ባይኖርም ድስት ሲገነፍልም፣ ሰው ሲጠራኝም፣ መጥታ ከስፌት መኪናዬ ላይ ታስነሳኝ ጀመር። መንገድ ላይ ባጃጅ ከኋላዬ ሲመጣ በትከሻዋ ገፍታ ጥግ ታስይዘኛለች። ሰው «አዜብ ጆሮዋን በገመድ ትጎትታለች» እያለ ይስቅብን ነበር። አልተቀየምኩም፤ እውነት ነዋ። ማጅራት ገትር ጆሮዬን ከወሰደው ወዲህ፣ ከጀርባዬ ያለውን ዓለም የመለሰችልኝ እሷ ናት።

እማዬ ቅመሟን ሸጣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመለስ የቆርቆሮውን በር በዘንጓ ጫፍ ትመታ ነበር። እኔ ስለማልሰማ ሁልጊዜ ከውስጥ እቀረቅራለሁ። ቦንቱ ታስነሳኛለች፣ እከፍታለሁ፣ እሷም ከደጃፉ ዘወር ብላ እማዬን ታሳልፋለች። ኅዳር ላይ እማዬን ቀበርናት። ለቀስተኛው እስኪበተን በሩ ክፍት ስለነበር ምንም አላየሁም። ብቻዬን በቀረሁበት ቀን ግን፣ በዚያው ሰዓት፣ ቦንቱ ጆሮዋን ቀስራ ተነሳችና ቀሚሴን ጎተተች። ሄጄ ከፈትኩ። ማንም የለም፤ ብርድ ብቻ ገባ። ቦንቱ ግን ዘወር ብላ መንገድ ለቀቀች። ከዚያም አንገቷን ቀስ እያደረገች፣ አንድ ሰው ሲያልፍ እንደሚያይ ሁሉ፣ እማዬ ትቀመጥበት እስከነበረው መደብ ድረስ በዓይኗ ሸኘች። በማግስቱም፣ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ጆሮውን ይጠይቃል። እኔ ማንን ልጠይቅ? ዋሸች ብል ነገ መንገድ ላይ በምን አምናታለሁ? አልዋሸችም ብል ደግሞ በሩ ላይ የሚቆመው ማን ነው?

ቢቸግረኝ ጎረቤታችንን እትዬ ጁሀራን፣ እባክዎ በዚያ ሰዓት መጥተው ያዳምጡልኝ አልኳቸው። መጡ። ቦንቱ ስትነሳ እኔ ከንፈራቸውን አየሁ፤ «ቢስሚላሂ» አሉ። ምን ሰሙ ብላቸው «ምንም፤ ነፋስም የለ» አሉኝና ጫማቸውን በወጉ ሳያጠልቁ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ብቅ ይላሉ እንጂ ወደ ማታ እግራቸው ደጄን አልረገጠም።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። አንዱ ጸበል ትረጭ አለ፣ ሌላው ትታረድ አለ። ሥጋ ሻጩ ባዳሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ እኔ ልውሰዳትና አንቺም እረፊ አለኝ። ያንተም መልእክት የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ደከመኝ፣ ወንድም ጋሼ። ባዳሳን ቅዳሜ ውሰዳት አልኩት።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ወረደ። ቦንቱ መጥታ ቀሚሴን ጎተተች። ሰዓቱ ገና ነበር። አሁንስ በቀንም ጀመረሽ ብዬ ገፋኋት። ተመልሳ መጣች፤ ደግሜ ገፋኋት። በመጨረሻ ነክሳ አልለቅ ብላ ቀሚሴ ተቀደደ። እየተቆጣሁ ሄጄ በሩን ስከፍት እትዬ ጁሀራ ጭቃው ላይ ወድቀዋል፤ አንድ እጃቸው በራችን ላይ ነው። ከሱቃቸው ሲመለሱ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ኖሯል። እንዲያ ያለ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጆሮ ያለውም አይሰማም አሉ፤ ጎረቤት ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ አንድም የሰማቸው የለም።

በባጃጅ ጭነን ጎባ ሆስፒታል አደረስናቸው። አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ እጄን ያዙና፣ አፋቸውን እንዳነብ ቀስ ብለው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያን ቀን ዋሽቼሻለሁ። ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ቆርቆሮ በነፋስም ይንኳኳል። ግን አንኳኩቶ፣ ትንሽ ጠብቆ፣ ደግሞ እንደ እናትሽ የሚያንኳኳ ነፋስ አላውቅም። ወላሂ ፈርቼ ነው። ለአንቺም አዝኜ ነው።» ልደሰት ወይስ ልደንግጥ አላወቅኩም። ከጎባ እስከ ሮቤ ሚኒባስ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ባዳሳ ገመድ ይዞ መጣ። ነገሩን ሰምቶ ኖሮ፣ ገና አፌን ሳልከፍት ገመዱን ጠቀለለና ሐቅሽ ነው ብሎኝ ሄደ።

ስለዚህ አሰላ አልሄድም። አሁንም በየቀኑ ስታስነሳኝ እነሳለሁ፤ ከፍቼ «ግቢ፣ እማዬ» እላለሁ። ድምፄን ስለማልሰማው ጮኼ ይሁን አንሾካሹኬ አላውቅም። አንዳንዴ መደቡን በእጄ እዳብሰዋለሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። እፈራለሁ፣ አልዋሽህም። ግን ከሁሉ ይልቅ የምፈራው፣ አንድ ቀን ሰዓቱ ደርሶ ቦንቱ ሳትነሳ የቀረች እንደሆነ ነው።

ለወለተኢየሱስ በእኔ አፍ ሰላም በልልኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። እትዬ ጁሀራ በምርኩዝ መራመድ ጀምረዋል፤ ዱዓ እያደረግሁለት ነው በይው ብለዋል። ባዳሳም ሰላም ብሎሃል። ለእማዬ ቀብር ያልደረስከው መንገዱ ተዘግቶብህ ነው፤ ማንም አይወቅስህም። ለሙት ዓመቷ ግን ና። በዚያ ሰዓት አጠገቤ ተቀመጥ። የሰማኸውን ንገረኝ፤ ካልሰማህም አልሰማሁም በለኝ። ብቻ አዝነህልኝ አትዋሸኝ።

እህትህ አዜብ
ሮቤ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.