ጀልባ ላይ ያነሳሁት እጅ

ወልቂጤ፣ ጥር 2000 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎን የሚይዝዎት ነገር በዚህ ብርድ አልባሰብዎትም? ላሚቱስ ወለደች? የጓሮውን እንሰት ውርጭ እንዳይመታው ስሰጋ ነው የከረምኩት። እኛ በአካል ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። በአካል ያልኩት ግን አውቄ ነው፤ ውስጤ አልረጋ ካለኝ ሰነበተ። አንዱን ሥራ ጀምሬ ሌላውን አነሳለሁ፣ ሻይ ጥጄ እረሳዋለሁ፣ እደጅ ወጥቼ ለምን እንደወጣሁ ይጠፋኛል። ይህን ደብዳቤ እንኳ ስንቴ ጽፌ ቀደድኩት። ይሄኛውን ከቀደድኩት ሌላ አልጽፍም ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

ደብዳቤውን ለምታነብልዎት ልጅም ሰላምታዬ ይድረሳት። የጎረቤት ልጅ ሆና ሳለ እንደ ወለዷት ውሃዎን ቀድታ፣ ከብትዎን አስገብታ፣ ከዚያ ደግሞ ቡታጅራ ድረስ ለትምህርት የምትመላለስ ልጅ ናት። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መድረሷን ሴት ልጅዎ ሳሌሃ ነግራኛለች። በርቺ ይበሉልኝ። ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

የላኩልኝ ቅቤ ደርሷል። ሾፌሩ ሸምሶ ቡታጅራ ጭነት አራግፎ ሲመለስ በኮባ እንደተጠቀለለ ይዞልን መጣ። ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ማሻአላህ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ!» እያለ ሲጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። እኔ ቅቤውን ተቀብዬ ኩሽና አስገባሁትና በሩን ዘግቼ ቆምኩ። እስካሁን አልነካሁትም። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፤ ገብቼ አየዋለሁ፣ ተመልሼ እወጣለሁ። እናቴ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት አላውቅም፤ ቅቤውን የላኩት ለሌለ ሰው ነው። እርጉዝ አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም።

ይኸው አልኩት። አሁን ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርዎት፣ ሳይቆጡ ይስሙኝ።

ለአረፋ መቅረታችን እንዳስቀየመዎት አውቃለሁ። የመንደሩ ልጅ ሁሉ ከአዲስ አበባው፣ ከጅማው፣ ካለበት ተጠራርቶ ሲገባ የእርስዎ የበኩር ልጅ ቀረ። በሴቶች አረፋ ቀን ጎመኑን የምትከትፍልዎት ምራትዎ አልነበረችም፤ በሬው ሲጣል ቀንዱን የሚይዘው ልጅዎም አልነበረም። ሰው «ልጅሽ ምን ሆነ? ታመመ እንዴ?» ሲልዎት ምን ብለው እንደመለሱ ሳስብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። ምክንያቱ ይሄ ነው። ለሱቃችን ቀለም የሚያከፋፍለው ድርጅት ብዙ ለሸጡለት ነጋዴዎች ከነሚስቶቻቸው የዛንዚባር ጉዞ አዘጋጀ፤ ቀኑ ደግሞ ከአረፋ ጋር ተጋጨ። ወላሂ እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ለአረፋ ከወልቂጤ ነጋዴ ሁሉ ቀድሞ ሱቁን የሚዘጋው ልጅዎ አይደል እንዴ? እሱ ግን «እንሄዳለን» አለ። እንዲያውም ሌሎቹን ያጣደፈው እሱ ነው።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስ አለኝ። በአረፋ ሽማግሌ ተሰብስቦ ሁለተኛ ሚስት እንዲያገባ ሊነገረው እንደነበር ሳሌሃ በስልክ ሹክ ብላኝ ነበር። ማን እንደታሰበችም ነግራኛለች። አልዋሽዎትም፣ አልቅሻለሁ፣ እርስዎንም በሆዴ ተቆጥቻለሁ። ግን ቂም አልያዝኩም። ስድስት ዓመት ሙሉ አፍዎን ይዘው ታግሰውኛል፤ የልጅ ልጅ መመኘት ደግሞ ሐራም አይደለም። እናም «እንሄዳለን» ሲለኝ ለእኔ ብሎ፣ እኔ እንዳልከፋ ብሎ ሽማግሌዎቹን የሸሸ መሰለኝ። እንደ ሙሽራ ነው የተንቀባረርኩት! ለመንገዱ ሁለት ቀሚስ አሰፋሁ።

ባሕሩን ልንገርዎት። እኛ ሀሮ ሸይጣን ሐይቅ አጠገብ ያደግን ሰዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ድንጋይ ወረወርን እንጂ ውሃ ውስጥ ገብተን አናውቅም፤ ሸይጣኑ ይስባችኋል እየተባልን ነው ያደግነው። እዚያ ግን ሰው ውሃ ውስጥ ለመግባት ነው ከዓለም ዳርቻ የሚመጣው። በጀልባ ከአንዷ ትንሽ ደሴት ወደ ሌላዋ ይወስዱናል። እንዳንሰጥም የሚይዝ ጃኬት ያለብሱናል፣ ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍን መነጽር ያስሩልናል፣ አፋችን ላይ ወደ ላይ የቆመ ቱቦ ይሰኩልናል። ከዚያ ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ መንሳፈፍ ነው። እኔ ከነረጅም ቀሚሴና ከነሂጃቤ ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን በአፍንጫዬ ልተነፍስ ብዬ ታፈንኩ፣ ጨውን ጠጣሁት፣ አጠገቤ የነበረችውን ዘይባን አንቄ ልገድላት ምንም አልቀረኝ! ዘይባ ማለት ያቺ የቡታጅራው ቀለም ነጋዴ ሚስት ናት፣ ያውቋታል።

ኋላ ግን ለመድኩት። ሱብሐነላህ እናቴ፣ ከስር ሌላ አገር አለ! ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ባለ መስመሩ ዓሣ እንደ ከብት ተሰማርቶ ድንጋይ ሲግጥ ይውላል። ድንጋዩን ኮራል ይሉታል፤ ነፍስ አለው፣ አትንኩት አሉን። አንዳንዱ ቁርጥ የእርስዎን ጎመን ይመስላል። ልጅዎ እጄን ይዞ እየጎተተ «ያንን እዪ፣ ያንን እዪ» እንደማለት በጣቱ ያሳየኛል። ከሁሉ የወደድኩት ግን ዝምታውን ነው። የራስ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። «ምነው እስካሁን?» የሚል ሰው የለም። ልተወውና እዚሁ ልቅር ብዬ የተመኘሁበት ጊዜም ነበር።

ልጅዎማ ቁጭ አይልም። ለዋና የሚሰጡትን የላስቲክ እግር አጥልቆ ወደ ኋላ እየተራመደ ውሃው ውስጥ ሲገባ ሰው ሁሉ ይስቅበታል፣ እሱ ግድም የለው። ወጥቶ ሳይደርቅ ይመለሳል። ምግብ ቀረበ ሲሉት አንዴ ጎርሶ ይነሳል። ስልክ ሲጠራ፣ በተለይ ከአገር ቤት ሲሆን፣ አያነሳውም። እኔ ደስታ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ደስታ አይመስለኝም።

በሦስተኛው ቀን የአየር ሲሊንደር ታዝሎ ወደ ታች፣ ወደ ጥልቁ የሚወረድበት ተራ መጣ። ጠዋት ጥልቀት በሌለው ቦታ ሲያለማምዱን አረፈዱና ከሰዓት በኋላ ጀልባዋ ራቅ ብላ ቆመች። አሰልጣኙ ፈረንጅ ነው፤ የሚለውን አሚኑ የሚባል ድርጅቱ የላከው ልጅ ወደ አማርኛ ይመልስልናል። ጆሮ የሚያመው አለ ወይ? ልቡን የሚያመው አለ ወይ? ቀጥሎ ደግሞ እርጉዝ የሆነች ሴት አለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ለልጁ ስለማይሆን እርጉዝ ሴት ወደ ታች አትወርድም አለ።

እጄን አነሳሁ።

ለምን እንዳነሳሁ ዛሬም በቅጡ አልገባኝም። ፈርቼ እንዳይመስልዎት፣ ለመውረድ ከሁሉ የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ። ግን ስድስት ዓመት ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሱን አውቆ ነው የሚጠይቀኝ፤ ለማሳቀቅ ነው። ይሄ ሰውዬ ግን አያውቀኝም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ተነሳ።

ምን እንደሆነ ልንገርዎት! አሚኑ አጨበጨበ። ዘይባ እልልታውን ለቀቀችው፣ ባሕሩን ሞላችው። የጀልባው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ጥላ ያለበትን የራሳቸውን መቀመጫ ለቀውልኝ፣ ኮኮናት ሰብረው አጠጡኝና እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። እንደዚያ ስከበር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ማፈር ነበረብኝ፣ እኔ ግን ደስ አለኝ። ባዶ ሆዴን በእጄ ደግፌ እንደ ወይዘሮ ተቀመጥኩ።

ልጅዎ ሲሊንደሩን አዝሎ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። አየኝ። ምንም አላለም። መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደና ተራው ሳይደርስ፣ አሰልጣኙም ሳይፈቅድለት፣ በጀርባው ባሕሩ ውስጥ ወደቀ። ፈረንጁ እየጮኸ ተከትሎት ገባ። እኔ ኮኮናቴን እንደያዝኩ ትንፋሹ ከታች ቡልቅ ቡልቅ ሲል እያየሁ ቆየሁ። ቡልቅታው ሲዘገይ ልቤ ይቆማል፣ ሲመለስ ነፍሴ ትመለሳለች።

ከወጣ በኋላ ውሸት መሆኑን ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ለሌላው ሰው ግን «አይደለም» ለማለት አፌ እምቢ አለኝ፤ ለዚያች እልልታ እንዴት ብዬ? የቀሩትን ቀናት አሚኑ ሲሊንደር አላስነካ ስላለኝ እሱ ከታች፣ እኔ ከላይ ሆነን አሳለፍናቸው። ዘይባም አገር ስትገባ የምሥራቹን ከእኛ ቀድማ ለእርስዎ አደረሰች። አልፈርድባትም። ከመጣን ጀምሮ ግን ወለሉ ከስሬ የሚወዛወዝ ይመስለኛል፤ አንድ ጆሮዬም ውስጥ ውሃ የቀረ ይመስለኛልና በአንድ እግሬ ስዘል የሚያዩኝ ጎረቤቶች «ኧረ ልጁን!» ብለው ይቆጡኛል።

ሳሌሃ «እማ የሽማግሌውን ነገር ትታዋለች፣ አንቺን ነው የምታነሳው» አለችኝ። ስለዚህ ዝም ብል ጥቂት ወራት እንደማተርፍ አውቃለሁ። አልቻልኩም። ከሰላት በኋላ ስለ ሆዴ ዱዓ እያደረጉ እንደሆነ ስሰማ አልቻልኩም። አሁን ነገሩ ተመልሶ እንደሚነሳም አውቃለሁ። እናቴ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ አንድ ነገር ልለምንዎት፤ ይተዉት። ለእኔ ብለው አይደለም። ለዚያች ለታሰበችው ልጅ ብለው ይተዉት፤ እሷም የሰው ልጅ ናት። ለምን እንደምልዎት አይጠይቁኝ። ልጅዎንም አይጠይቁት።

አላህ ጉልበትዎን ያጽናልዎት፣ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ የከርሞውን አረፋ በአንድ ማዕድ ያድርገን። ከርሞ ለሴቶች አረፋ ቀድሜ እገባለሁ፤ ጎመኑን ማንም እንዳይነካብኝ።

የልጅዎ ሚስት፣ ልጅዎ

ለምታነቢው ልጅ፣

እዚህ ላይ ድምፅሽን አቁሚ። እዚህ ጀርባው ላይ ያለው ለአንቺ ብቻ ነው። ጀርባው ላይ ምን ይላል ካሉሽ ሰላምታ ነው በያቸው፤ ወንጀሉ በእኔ ይሁን።

የታሰብሽው አንቺ ነሽ። እስካሁን ካልነገሩሽ ከእኔ ስሚው። እናታችን ክፉ አይደሉም፤ ስለሚወዱሽ፣ ከቤታቸው እንዳትርቂ ስለሚፈልጉ ነው። አባትሽም እሺ ይላል፣ ባለቤቴ ባለሱቅ ነዋ። እሱም እምቢ አይልም። እምቢ ቢል ለምን ይባላል፤ ያቺን «ለምን» ደግሞ ከሞት አብልጦ ይፈራታል። ስለዚህ ትምህርትሽን ጥለሽ ትመጫለሽ። ዓመት ሳይሞላ ሰው ሆድ ሆድሽን ማየት ይጀምራል። ተመርመሪ ይሉሻል፤ እኔ አታት ሆስፒታል ሄጄ ምንም የለብሽም እንደተባልኩት አንቺም ምንም የለብሽም ትባያለሽ። እሱ ተመርመር ሲባል ሥራ ይበዛበታል። ባለፈው ክረምት ግን ብቻውን አዲስ አበባ ደርሶ መጣ። ለቀለም ነው የሄድኩት አለኝ፣ ቀለም ይዞ አልመጣም።

እኔ የትም አልሄድም። እወደዋለሁ፣ ምን ላድርግ? ገመናውን ላወጣበት ብፈልግ ለእናቱ እጽፈው ነበር። እሳቸው ይህን ቢሰሙ ይሞታሉ፣ እሱም አይተርፍም። አንቺን ግን ዓይኔ እያየ አልማግድሽም። እምቢ በይ። ፈተና አለብኝ በይ፣ አልቅሺ፣ ያሻሽን አድርጊ። ከሁላችንም እምቢ ማለት የምትችይው አንቺ ብቻ ነሽ።

ታዲያ ምን አውቀሽ ነው ትይኝ ይሆናል። ለእናታችን ምንም አላለም ብዬ ጽፌያለሁ። ከውሃ ሲወጣ ግን ብሏል። ዘይባ ገና እየመረቀችኝ ነበር፤ እኔም ውሸቴን ገና አልነገርኩትም። ውሃው ከፀጉሩ እየተንጠባጠበ መጥቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ «ያ ረቢ፣ ልጅ ስጠን» ሲል ከኋላው ሆኜ አሚን ያልኩለት ሰው ነው፤ አልሐምዱሊላህ ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«ከማን ነው?» አለኝ።

አላህ ፈተናሽን ያቅልልሽ።

እህትሽ