መስታወት ውስጥ ያስገባሃት ማሽናችን

ውድ ልጄ ሂሮታካ፣

ጤናህን አልጠይቅህም፤ ባለፈው ሳምንት ስላዘጋጀኸው ትርኢት በቴሌቪዥን ስታወራ አይቼሃለሁ፣ ወፍረሃል። ይህን የምጽፍልህ በካና ብቻ ነው፣ የአንደኛ ክፍል ልጆች በሚጽፉበት ፊደል። ከባዱን፣ ካንጂውን እንደማላውቅ ታውቃለህ። አሁንማ ኪዮቶ በሙሉ አወቀ።

እናትህ የሞተች ሰሞን ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተቆልሎ ግራ ሲገባኝ፣ በገዛ አፌ ነገርኩህ። የግብሩንም፣ የሐኪሙንም፣ ከትምህርት ቤትህ የሚመጣውንም ስታነብልኝ የኖረችው ያሱኖ ነበረች። ለማንም ሳትተነፍስ ሄደች። አንተም እጄን ይዘህ «አባዬ፣ ከእኔ አይወጣም» አልከኝ። አመንኩህ። የቴሌቪዥን ጨዋታ ማሽናችንን ለትርኢቱ ስትጠይቀኝ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ የሰጠሁህም ስላመንኩህ ነው።

ቅዳሜ ኮቴን ለብሼ ትርኢትህን ላይ ሄድኩ። ቶፉ ሻጯ ወይዘሮ ኒሺዋኪ አብራኝ መጣች። መንገዱን ሁሉ ጉራዬን ስነዛባት ነበር። «አራት ማዕዘን ቁልፍ ያላቸው የመጀመሪያዎቹ ብቻ ናቸው» አልኳት። «ጎማ ስለሆነ ሲጫኑት እዚያው ሰምጦ ይቀራል። ኋላ ክብ አደረጉት። የእኔ ግን በሰማንያ ሦስት የወጣችው ናት፣ ያቺው ራሷ!»

«ጋሼ ሾኪቺ፣ ስለ ሚስትዎ እንኳ እንዲህ ሲያወሩ ሰምቼዎት አላውቅም» ብላ ሳቀችብኝ።

ማሽናችን መሀል አዳራሹ ላይ ነበረች፣ ቀይና ነጭ ሆና፣ መስታወት ውስጥ። ከሥሯ ጽሑፍ አለ፤ ካንጂ በካንጂ። እንደ ልማዴ መነጽሬን ረሳሁት አልኩ። ወይዘሮ ኒሺዋኪም ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ፦ «የዚህች ማሽን ባለቤት ማንበብ የማይችል የታታሚ ምንጣፍ ሠሪ ነበር። ትንሹ ልጁ በጨዋታዎቿ ፊደል አስቆጠረው።»

መጨረሻው ላይ ድምጿ ተዋጠ። ከኋላችን ሰው ቆሟል።

«ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እርስዎ አይደሉም፣ አይደል?»

«አይደለሁም» አልኩ። «የእኔ ሌላ ናት። እዚህ የለችም።»

ገባህ? የገዛ ማሽኔን አስካድከኝ። በሁለተኛው ጆይስቲክ ላይ ያለችውን ማይክ ታስታውሳለህ? እናትህ ከማድ ቤት ብቅ ብላ ትቀማህና «እናንተ ሥራ ፈቶች! ሩዙ ቀዘቀዘ!» ብላ ትጮህባት ነበር፤ ድምጿ ከቴሌቪዥኑ ሲወጣ እሷው ራሷ ትደነግጥ ነበር። ያንን ነው የእኔ አይደለም ያልኩት፣ ሰው ፊት።

ምስጢሬን ማውጣትህ ሳያንስ ደግሞ ዋሸህ። ማን ነው ማንን ፊደል ያስቆጠረው? ማሽኗን ስገዛ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበርክ። የገዛሁትም ለራሴ ነው፣ ማህጆንግ ልጫወትባት። ወሬያቸው በጽሑፍ የሚወጣ ጨዋታዎች ሲመጡ ስድስት ዓመትህ ነው፤ አንዲት ፊደል አትለይም። ማሽኗ ያኔ ካንጂ አትችልም ነበር፤ አቅሟ እስከ ካና ድረስ ነው፣ እንደ እኔው። እቤታችን ከገባ ጽሑፍ ሁሉ እናትህን ሳልጠራ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የማሽኗን ብቻ ነው። አንተ ጭኔ ላይ ተቀምጠህ፣ ጨዋታው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብቅ ሲል፦

«አባዬ፣ ሽማግሌው ምን አለ?»

«መብራት ሳትይዝ ዋሻው ውስጥ አትግባ አለ።»

«እንግባ!»

«ምን ዓይነቱ ደንቆሮ ነው! አሁን አነበብኩልህ እኮ!»

ትገባለህ። ትሞታለህ። ከትከት ብለህ ትስቃለህ። «ይቺ ሃ ናት፣ ይቺ ና ናት» እያልኩ ቴሌቪዥኑን በጣቴ እየነካሁ አሳየሁህ፤ እናትህ መስታወቱን አቆሸሽከው እያለች ትጮህብኝ ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባ መምህርትህ ማን አስተማረው ብላ ጠየቀች። ምን እንዳልካት ረሳኸው? እኔ አልረሳሁትም።

ኋላ ግራጫዋ አዲሷ ማሽን መጣች። ያቺ ካንጂ ትችላለች። ቴሌቪዥኑ በካንጂ ሲሞላብኝ ዓይኔ ደከመ ብዬ ሲጋራዬን ይዤ ወጣሁ፤ አንተ ብቻህን ማንበብህን ቀጠልክ። ያን ጊዜ አልከፋኝም፤ ልጅ አባቱን ቢያልፍ ደስ ይላል እንጂ። አልፈኸኝ ከሄድክ በኋላ ተመልሰህ ሰው ፊት ማዋረድህ ነው የቆረጠኝ።

በቴሌቪዥኑ «ያንን ጽሑፍ አንብቦ ያላለቀሰ የለም» ስትል ሰምቼሃለሁ። ያኔ ምን ጽሑፍ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። እውነተኛው ታሪክ ምን ጎደለው? ለማስለቀስ አባትህ መደንቆር ነበረበት?

ስልክህን አላነሳም፤ አትድከም። ይልቅ ስማኝ። እዚሁ ፖስታ ውስጥ ሌላ ጽሑፍ አድርጌልሃለሁ፣ በእጄ የጻፍኩት፣ በካና። ያንተን ገንጥለህ ይህን ለጥፍ፦

«ይህች ማሽን የሾኪቺና የያሱኖ ናት። ሾኪቺ በእሷ ልጁን ፊደል አስቆጠረ።»

አሳምራለሁ ብለህ አንዲት ፊደል ብትነካ፣ መጥቼ በብብቴ ይዣት እወጣለሁ። ጠባቂዎችህ ከሽማግሌ ጋር ሲታገሉ ሰው ይያቸው።

ስትለጥፈው በፖስታ ካርድ አሳውቀኝ፣ በካና። ወይዘሮ ኒሺዋኪን ይዣት እመጣለሁ። መነጽሬንም አልረሳም። በዚህኛው ጊዜ እሷ ቆማ ትሰማለች፣ እኔ አነብላታለሁ።

ፊደል ያስቆጠረህ አባትህ፣
ሾኪቺ